ኤድዋርድ ሩፔልና የጣና ዓሦች

ተማሪዎች፣ በየካቲትና በመጋቢት ወራት በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፎገራ ሜዳ ብትገኙ፣ ክሬን የሚባሉት ባለረጅም እግር አእዋፍ በመንጋ ተነሥተው ወደ ሰሜን ሲያቀኑ ታያላችሁ። እነዚህ ወፎች በሩሲያና በሰሜን አውሮፓ ብርዱ ሲጠና ይመጣሉ፤ የዚያ አገር በረዶ ሲቀልጥ ይመለሳሉ። የእነርሱ የብርድ ወራት የእኛ በጋ መሆኑን ልብ በሉ። እንዲሁ በበጋ ወራት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1832 ማለቂያና በ1833 መጀመሪያ፣ አንድ ጀርመናዊ በጎንደር ተቀምጦ የአካባቢውን አራዊት፣ አእዋፍና ዓሦች ያጠና ነበር። ስሙ ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩፔል በ1794 በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለባንክ ስለነበረ ልጁም በንግድ ሥራ እንዲተዳደር ታስቦ ነበር። ሆኖም በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ከተጓዘ በኋላ ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ፤ ወደ ጣሊያን አገርም ሄዶ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ተማረ። ከ1821 እስከ 1827 በግብፅ፣ በኑቢያና በኮርዶፋን ተዘዋውሮ ብዙ ናሙና ሰበሰበ።

ወደ አገራችን የገባው በምፅዋ በኩል ነው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ስለነበረ መንገዱ ሁሉ አስጊ ነበር። እርሱ ግን ሰሜንን አቋርጦ ጎንደር ደረሰ። ዛሬ የምንኮራባቸው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ፣ ምንቃረ ወፍራሙ ትልቅ ቁራ፣ በጉሮሮው ላይ ሥጋ የሚንጠለጠልበትና ማለዳ በጩኸቱ የሚቀሰቅሰን ወፍ ለሳይንስ ዓለም የታወቁት በእርሱ ጽሑፎች ነው። የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስምም የሰሜንን ተራራ ያስታውሳል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስደንቀው የዓሦቹ ነገር ነው። ሩፔል በጣና ባርበስ ይባሉ የነበሩትን ትልልቅ ዓሦች መርምሮ፣ የአፋቸውንና የሰውነታቸውን ልዩነት አስተውሎ፣ በ1830ዎቹ አጋማሽ ባወጣው ጽሑፍ አያሌ ዝርያዎችን ለየ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1973፣ አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ልዩነቱን አቃልሎ በአንድ ዝርያ ሥር ጠቀለላቸው። ለምን ቢባል፣ መልካቸው እጅግ ይቀራረባልና! በ1990ዎቹ ግን በባሕር ዳር የሠሩ የሆላንድና የኢትዮጵያ ሊቃውንት ዓሦቹን በብዛት እየለኩ፣ የሚበሉትንም እየመረመሩ፣ አንዱ ሌላ ዓሣ አዳኝ፣ ሌላው ዕፅዋት ተመጋቢ፣ ሌላውም ከሐይቁ ወለል ትንንሽ ነፍሳትን ለቃሚ መሆኑን አሳዩ። የተለዩት ዝርያዎች 15 ያህል ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በሌላ ሐይቅ አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ለይቶ አስቀርቷቸዋልና።

ይህ የስም ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ዝርያ ናቸው ከተባለ አንዱ ቢጠፋ ጠፋ የሚል አይኖርም። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጡ፣ በወንዞቹ አፍ በተዘረጋ መረብ እየተያዙ በ1990ዎቹ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ።

ሩፔል በ1834 ወደ ፍራንክፈርት ተመለሰ። በ1839 የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። በኋለኛው ዕድሜው ስለ ጥንታዊ ገንዘቦች እየመረመረ ኖሮ፣ በ1884 በ90 ዓመቱ አረፈ። ከጣና የወሰዳቸው ዓሦች ዛሬም በፍራንክፈርት በዜንከንበርግ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከሐይቁ የሚያዘውን ዓሣ ማንነት ለማረጋገጥ የሚሹ ተመራማሪዎች ከእነርሱ ጋር ያስተያዩታል።