ራስ ደስታ እና ሁለቱ ነገሌዎች

ራስ ደስታ ዳምጠው ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣው አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ነው። የሰውየው የመጨረሻ አንድ ዓመት ግን ያለፈው በሁለት ነገሌዎች መሃል ነው፤ አንዷ ነገሌ ቦረና፣ ሌላዋ የእኛዋ አርሲ ነገሌ።

አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ዐድዋ ላይ ሲወድቁ ደስታ ገና ልጅ ነበሩ። አድገው የንጉሡን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አገቡ፣ የሲዳሞ ገዥ ሆኑ፣ በ1925 ደግሞ አሜሪካ ተልከው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አገኙ። ባጭሩ፣ የተደላደለ ኑሮ ነበራቸው።

ጣሊያን ሲመጣ ጦራቸውን ይዘው ወደ ዶሎ አቅጣጫ ወረዱ። ጥር 1928 ገናሌ ዶሪያ ላይ ግራዚያኒ በአውሮፕላንና በካሚዮን መጣባቸው። እዚህ ጋ ስለ ጀግንነት ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም፤ ነገሩ የስንቅ ሒሳብም ነበር። አንዱ ወገን ነዳጅና ጥይት በመኪና ያመላልሳል፣ ሌላው በእግሩ ደርሶ እየተራበ ይዋጋል። ነገሌ ቦረና በቀናት ውስጥ ተያዘች።

ሚያዝያ ላይ ንጉሡ ከአገር ወጡ፤ ራስ ደስታ ቀሩ። ኅዳር 1929 ይርጋለም እስክትያዝ ሲዳሞ ውስጥ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሐይቆቹ አመሩ፣ የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረማርያምም አብረው። በየነም እንደ ደስታ የንጉሡ አማች ነበሩ፣ የልዕልት ሮማነወርቅ ባል። የካቲት 1929 ሻላ ሐይቅ አካባቢ፣ በጎጌቲ ውጊያ ተከበቡ። ሻላ ዛሬ ለፍል ውሃና ለሰልፊ የሚኬድባት ናት። የካቲት 12 አዲስ አበባ ውስጥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወርና ጭፍጨፋው ሲጀመር፣ በዚሁ ሰሞን እዚህ የራስ ደስታ ጦር እያለቀ ነበር። ገብረማርያም ወደቁ፣ በየነ ተማርከው ተገደሉ። ራስ ደስታ ከከበባው ቢያመልጡም የካቲት 17 ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ።

በጦርነቱ ዘመን በፓራሹት በወረዱ ወታደሮች ነፃ የወጡ የአውሮፓ መንደሮች አሉ። የእኛ አካባቢ ነፃ አውጪ ግን በሐይቆቹ መንገድ ነው የመጣው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የተመለመሉ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ጦር ግንቦት 1933 ሻሸመኔን ያዘ። ሦስቱም ይህን አላዩም።

መታሰቢያቸው አዲስ አበባ ገባ፤ ለደስታ ሆስፒታሉ፣ ለገብረማርያም ሊሴው። ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን ውስጥ ዐረፉ። የራስ ደስታ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ደግሞ ኅዳር 1967 ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ነበሩ።