ሚሼል ጃኮሜቲ
ሚሼል ጃኮሜቲ (1929 – 1990 እ.ኤ.አ.) የፖርቱጋልን ገጠር ዘፈኖች በመቅረጽና በመሰብሰብ የታወቀ የሕዝብ ሙዚቃ ተመራማሪ ነበር። የተወለደው በፈረንሳይ ኮርሲካ ደሴት፣ በአዣክሲዮ ከተማ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ፖርቱጋል ሄዶ ኑሮውን በዚያው አደረገ።

በዚያ ዘመን ብዙ ገበሬዎች እንጀራ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች አገሮች ይሰደዱ ስለነበር፣ በአጨዳና በሌላ የእርሻ ሥራ ላይ የሚዘፈኑ ዘፈኖች ከዘፋኞቹ ጋር እየጠፉ ነበር። ጃኮሜቲ የድምፅ መቅረጫውን ይዞ ከመንደር መንደር ዞረ። በሰሜን ምሥራቁ ትራዝ-ኦስ-ሞንቴስ በስልቻ አየር የሚነፋውን «ጋይታ ዴ ፎሌ»፣ በቤይራ ባይሻ ሴቶች የሚመቱትን ባለ አራት ማዕዘን ከበሮ «አዱፌ»፣ በደቡቡ አሌንቴዦ ደግሞ ያለ መሣሪያ በኅብረት የሚዘፈነውን ዜማ ቀረጸ።

ከሙዚቃ ደራሲው ፌርናንዶ ሎፔስ-ግራሳ ጋር የየአካባቢውን ሙዚቃ በ5 ሸክላዎች አሳተመ። ከ1970 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. «ፖቮ ኬ ካንታ» («የሚዘፍን ሕዝብ») የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ዝግጅቱ የገጠሩን ዘፋኞች ለአገሩ ሁሉ አሳየ። በሴቱባል ከተማ የሚገኘው የሥራ ሙዚየም በስሙ ተሰይሟል።

ጃኮሜቲ በፋሮ ከተማ ካረፈ በኋላ፣ በኑዛዜው መሠረት ዘፈኖቿን በቀረጸላት በአሌንቴዦ መንደር በፔሮጓርዳ ተቀበረ።