አልቫር አልቶ፦ ቤትን በተኛው ሰው ዓይን ያየ አርክቴክት

አምና አፓርታማችንን ስናስጨርስ ገንዘባችንን ያፈሰስነው ዓይን በሚያጠግብ ነገር ላይ ነበር። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ የብረት እግር ያላቸው ወንበሮች፣ በአምፖል የተሞላ የጂፕሰም ኮርኒስ። እንግዳ ሁሉ አደነቀልን። ከዚያ እናቴ ታማ እኛ ዘንድ ለማገገም መጣች። ወለሉ ያንሸራትታታል፤ ወንበሩ ይቀዘቅዛታል፤ ጋደም ስትል የአምፖሉ ብርሃን ዓይኗ ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ወደ አሮጌው ቤቷ እንድንመልሳት ለመነችን። አፈርኩ። ቤቱን ያሰናዳነው ለሚጎበኘው እንጂ ለሚኖርበት ሰው አልነበረም።

ከዓመታት በፊት ያነበብኩት የአንድ ፊንላንዳዊ አርክቴክት ሕይወት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልቫር አልቶ በ1898 ኩኦርታኔ በተባለ ገጠር ከመሬት ቀያሽ አባት ተወለደ። በ1921 ሄልሲንኪ ከሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም ተመረቀ። በ1924 ደግሞ የሙያ ባልደረባውን አይኖ ማርሲዮን አገባ።

ስሙን ያስጠራው በ1929 ውድድር አሸንፎ የሠራው የፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ነው። ለበሽታው ገና መድኃኒት አልተገኘም ነበር፤ ሕክምናው ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ነበር። ስለዚህ ሕንፃው ራሱ ማከም ነበረበት። አልቶ ክፍሉን ያሰበው ቆሞ ለሚያየው ሳይሆን ለተኛው ሰው ነው። ኮርኒሱ ዓይን እንዳያደክም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ተቀባ። መብራቱ ከታማሚው እይታ ውጭ ሆነ። ላቫንዲኖው ሳይቀር ውኃ ሲወርድበት ጎን ያለውን ሕመምተኛ እንዳይቀሰቅስ ተደርጎ ተቀረጸ።

ወንበር ላይ ሲደርስ ግን ከዘመኑ ፋሽን ጋር ተለያየ። በዚያን ጊዜ የዘመናዊነት ምልክት የታጠፈ የብረት ቱቦ ነበር፤ እሱም ሞክሮታል። ብረት ግን የሰውነትን ሙቀት ይነጥቃል፤ ብርሃንም ያንጸባርቃል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ አልቶ ፊቱን ወደ አገሩ ጫካ፣ በርች ወደተባለው ዛፍ መለሰ። ስስ የበርች ንጣፎችን በኮላ እየደራረበ አጥፎ የሕሙማኑን ወንበር ሠራ። ቀጥሎም የድፍን እንጨት ጫፍ በመጋዝ ሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ስስ ንጣፍ በኮላ አስገብቶ ማጠፍ ቻለ። በ1933 የወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ የዚህ ዘዴ ውጤት ነው። ዛሬም ይመረታል።

በ1935 ከአይኖና ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር አርቴክ የተባለውን የቤት ዕቃ ኩባንያ መሠረቱ። የንድፍ ሥራውን የመራችው፣ በኋላም ሥራ አስኪያጅ ሆና በ1949 እስክትሞት ድረስ ያገለገለችው አይኖ ነበረች። ሕግ የተማረ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልበል፦ አብረው የሠሩትን ሁሉ ለእሱ ብቻ መስጠት ፍርድ ማጓደል ነው።

በ1939 በተጠናቀቀው ቪላ ማይሪያ የብረት ምሰሶዎቹ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በሸምበቆ መሰል ልጥ ተጠቀለሉ። አፓርታማ ላይ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ ደግሞ በርሊን ውስጥ ለ1957 የሕንፃ ኤግዚቢሽን የሠራውን ይመልከት። ክፍሎቹን በጨለማ ኮሪደር ግራና ቀኝ አልደረደራቸውም። ሳሎኑን መሐል አድርጎ በዙሪያው አሰባሰባቸው፤ ሳሎኑንም ግቢ በሚመስል ሰፊ በረንዳ ወደ ውጭ ከፈተው።

አልቶ በ1976 አረፈ። ለብዙኃኑ እንዲሆን ያሰበው የቤት ዕቃ ዛሬ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ ይህ የታሪኩ መራራ ጎን ነው። ደግነቱ፣ ከእሱ የምንወስደው በርጩማውን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። ይህን ነገር የሚነካው ማን ነው? ሲያም፣ ሲያረጅስ ምን ይሰማዋል? ጊዜ የማይሽረው ቤት የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል፤ እንጨቱና ሸክላው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

አሁን የእናቴን ክፍል እንደገና እያሰናዳን ነው። በዚህኛው ዙር አናጢውን ከመጥራቴ በፊት አልጋዋ ላይ በጀርባዬ ጋደም ብዬ ኮርኒሱን አየሁት። መጀመሪያ የሚነሳው አምፖሉ ነው።