አባ ጤና ኢያሱ፤ እዚያ ሲሆን እዚህ የሌለው ልጅ

ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሰው ዛሬን እንድኖር ይመክረኛል። ቲክቶክ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ የሚተነፍስ አለ፣ ዩቲዩብ ላይ ማይንድፉልነስን በሰባት ቀን አስተምራለሁ የሚል አለ፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ትናንትን ርሱ፣ ነገን ተዉ የሚል አለ። ነገሩ ሲያጥር፣ አካልህ ያለበት ቦታ ልብህም ይኑር ነው። ምክሩን አልጠላውም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ ያን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ቀና ብሎ የሚያይ ተሳፋሪ የለም፤ ሁሉም ስልኩ ውስጥ ነው። (ሾፌሩ እንኳ ያያል ብዬ አምናለሁ።) ግን ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ በነጻ ነው የተባለውን ነገር ሁሉ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። አሁን ላይ መሆንስ ስንት ያስከፍላል?

ይህን ሳስብ ሁሌም የሚመጣብኝ አንድ የደሴ ልጅ ነው፤ ልጅ ኢያሱ።

አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። ግን እዚህ የማወራው አብዛኛው ነገር የሆነው ከ14 እስከ 21 ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙዎቻችሁ አሁን ያላችሁበት ወይም በቅርብ ያለፋችሁት ዕድሜ ማለት ነው። ስለዚህ እሱ እያልኩ ልቀጥል። ወሎዬም ቢሆን በፈረስ ስሙ አባ ጤና ብሎ ነው የሚጠራው።

ኢያሱ በ1887 ዓ.ም ደሴ ተወለደ። አባቱ ራስ ሚካኤል ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት መሐመድ አሊ የሚባሉ የወረሂመኖ ገዢ ነበሩ። ክርስትና ሲነሱ የክርስትና አባት የሆኗቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ ደግሞ የአፄ ምኒልክ ልጅ ናቸው። በአባቱ ወገን ኢማሞች፣ በእናቱ ወገን ንጉሠ ነገሥት። ደሴ የተማራችሁ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትን ታውቁታላችሁ፤ ስሂን በአባት እህቱ ናቸው። ለሌላው አገር ግር የሚለው የሁለት ሃይማኖት ዝምድና ለዚህ ልጅ የቤተሰብ ነገር ነበር።

አያቱ ምኒልክ በስትሮክ ሲደክሙ፣ ግንቦት 1901 ዓ.ም ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑ ታወጀ። ዕድሜው 14 ነው። በዚያው ሰሞን የአፄ ዮሐንስን የልጅ ልጅ ሮማነወርቅ መንገሻን አጋቡት። ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆኑ። እሳቸው ሚያዝያ 1903 ሲሞቱ ሌላ ሞግዚት ይሾም ቢባል ልጁ እምቢ አለ። 16 ዓመቱ ነበር። እስኪ በ16 ዓመታችሁ ማን ምን እንዲሾምባችሁ ትፈልጉ ነበር?

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነገ ብቻ የሚወራበት ቤት ነበር። ንጉሡ መቼ ያርፋሉ፣ ማን ከማን ጋር ይቆማል፣ ማን ምን ይወርሳል። ሁሉም በሕይወት ያለ ሰው አጠገብ ቆሞ ስለ ሞቱ ማግስት ያሰላል። ኢያሱ ከዚህ ቤት ወጥቶ ይሄዳል። ወደ ወሎ፣ ወደ አፋር በረሃ፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐረር፣ ወደ ጅጅጋ። ሄደም ለሳምንት አይደለም፤ ወራት ይቆያል። ከአፋርና ከሶማሌ ባላባቶች ጋር ይቀመጣል፣ አብሮ ይበላል፣ በጋብቻ ይዛመዳል። ሐረር ሲገባ መስጊድ ይሄዳል። ከእሱ በፊት የነበሩ ነገሥታት ወደ ቆላው የሚወርዱት በአብዛኛው ለግብር ወይም ለዘመቻ ነበር፤ እሱ ሊቀመጥ ይወርዳል።

ታሪክ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ያልበሰለ፣ ተድላ ያሰከረው ልጅ ነው ይላል። ሌላው ሙስሊሙን ሕዝብ የአገሩ ባለቤት ሊያደርግ የሞከረ፣ ከዘመኑ የቀደመ ሰው ነው ይላል። እኔ የሁለቱንም ክስና ምስጋና ሳነብ የማየው አንድ ነገር ነው። ይህ ልጅ ፊቱ ያለውን ሰው ያይ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚሰበከውን ነገር ማንም ሳያስተምረው ያውቀው ነበር።

ችግሩ ሒሳቡ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ የሚያስተምሩን ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚሉት ነገር አለ፤ የአንድ ነገር ዋጋ ያን ስታደርግ የተውከው ነገር ነው። አፋር በረሃ ላይ በሙሉ ልብ የተቀመጠ ሰው አዲስ አበባ ላይ በሙሉ ልቡ የለም። ሚኒስትሮቹ ወረቀት ይዘው ይጠብቃሉ፣ ሲጠብቁ ያኮርፋሉ፣ ሲያኮርፉ ይመክራሉ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 አረፉ። ኢያሱ 18 ዓመቱ ነው፤ ዘውድ ግን አልጫነም። ያን ዓመትም፣ ቀጣዩንም፣ የዚያን ቀጣይም። ዘውድ መጫን ማለት ነገን በገመድ ማሰር ነው፤ እሱ ገመዱን አላነሳውም። ይልቅስ ግንቦት 1906 አባቱን የወሎና የትግራይ ንጉሥ አስደረገ፤ የሸዋ መኳንንት ያኔ ጥርሳቸውን ነከሱ። ዙሪያችንን የያዙት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ደግሞ ልጁ በዓለም ጦርነት ውስጥ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላል ብለው ፈሩ። በ1908 ማብቂያ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር ግዛታቸው አንስቶ ወደ ከፋ አዛወራቸው፤ ራሱ ግን እዚያው ሐረር ሰነበተ።

መስከረም 17 ቀን 1909፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ሰልሟል የሚል ክስ ቀረበ፤ ስለ ክሱ እውነትነት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አቡነ ማቴዎስ ከመሐላቸው ፈቷቸው፣ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። የተሻረው ሰው የለም፤ ሐረር ነው። ያን ቀን አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ቢያንስ ፊቱን እያዩ መሻር ነበረባቸው።

ዋጋውን እሱ ብቻ ቢከፍል ኖሮ ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር። ኢኮኖሚክስ ላይ ኤክስተርናሊቲ እንላለን፤ ውሳኔው ያንተ፣ ዕዳው የሌላ። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር አስከትተው ለልጃቸው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ አሸነፉ፤ ራስ ልዑልሰገድ እዚያ ወደቁ። ጥቅምት 17፣ ልክ በተሻረ በወሩ፣ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ከወሎም ከሸዋም በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን አለቀ። ኢያሱ ጥቂት ጦር ይዞ በአንኮበር በኩል እየመጣ ነበር፤ ሲደርስ ነገሩ አልቋል። ወደ ኋላ ተመለሰ። አባቱ በሰንሰለት ታስረው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከእስር ሳይወጡ ሞቱ። ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ባለፍኩ ቁጥር ከአዳራሹ ይልቅ ሰንሰለቱ ትዝ ይለኛል።

ኢያሱ ደሴ ገባ፣ መቅደላ ላይ ተከበበ፣ በ1909 ክረምት ከበባውን ሾልኮ ወጣ፣ የወሎን ገበሬ አስነስቶ እንደገና ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የት ሄደ? አፋር። ያንን ሁሉ ወር አብሯቸው የተቀመጠባቸው ሰዎች ዘንድ። ዘውድ የለውም፣ የሚሾመው ሹመት የለውም፣ የሚሰጠው መሬት የለውም። እያፈላለጉት ከሦስት ዓመት በላይ ደበቁት። ዙፋኑን ያስከፈለው መቀመጥ ነፍሱን ያቆየለት መቀመጥ ሆነ። ይህን በየትኛው መዝገብ እንደምጽፈው ሳስብ ቆይቻለሁ፤ ትርፍ ነው ብዬ ነው የምጽፈው፤ የሰገሌ ሙታን ግን ያንን መስመር አይሰርዙትም፣ እሱም የእነሱን አይሰርዝም።

ጥር 1913 ተያዘ። ፍቼ፣ በራስ ካሳ ጥበቃ ሥር ታሰረ። አንድ ቦታ ከወር በላይ መቀመጥ የማይችለው ሰው 11 ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። በ1924 አመለጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ተያዘና ወደ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ተወሰደ። ኅዳር 1928፣ የጣሊያን ጦር ሰሜኑን ወርሮ እየገፋ ሳለ፣ እዚያው ሞተ። 40 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ኅዳር ወር ተፈሪ፣ አሁን አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛውረው ነበር። ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ እሳቸው እዚያው ነበሩ፤ ከመትረየስ ኋላ ሆነው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ የደሴ ፎቶ ነው።