ካርል ሊኒየስ፣ የበጋ አበቦች ወዳጅ

ተማሪዎች ሆይ! በአገራችን ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ዝናቡም ይበረታል። በሰሜን አውሮፓ በምትገኘው በስዊድን ግን ያ ወቅት በጋ ነው። ለወራት በበረዶ ተሸፍኖ የቆየው ምድር አረንጓዴ ይለብሳል፤ የጫካው ሥር በአበባ ያጌጣል፤ ቀኑም እጅግ ስለሚረዝም በኡፕሳላ ከተማ ፀሐይ ከ18 ሰዓት በላይ ሳትጠልቅ ትቆያለች። ይሁን እንጂ ይህ በጋ አጭር ነው። አበቦችን ለማወቅ የሚሻ ሰው አንዱንም ቀን በከንቱ ሊያሳልፍ አይችልም። ቀጥሎ የምታነቡት ያን አጭር ወቅት ለዓለም ሁሉ በሚጠቅም ሥራ ላይ ያዋለ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስተውሉ።

ካርል ሊኒየስ በ1707 በደቡብ ስዊድን፣ ሮስሁልት በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ቄስ ሲሆን አትክልት መትከልን እጅግ የሚወድ ሰው ነበር። የቤተሰቡን መጠሪያ እንኳ ያወጣው ሊንደን ከሚባል ዛፍ ስም ነው። ሕፃኑ ካርል በአባቱ የአትክልት ስፍራ እየተጫወተ አደገ፤ የራሱ የሆነ ትንሽ መደብም ተሰጥቶት ነበር። የየአበባውን ስም እየጠየቀ አባቱን ያደክመው እንደ ነበር ይነገራል።

ወላጆቹ የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ቄስ እንዲሆን ተመኝተው ትምህርት ቤት አስገቡት። የልጁ ልብ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ በሜዳው ላይ ነበር። በ1726 አባቱ ስለ ልጁ ትምህርት ለመጠየቅ በሄደ ጊዜ፣ መምህራኑ ልጁ ለትምህርት የማይሆን ስለሆነ የእጅ ሙያ ቢማር እንደሚሻል መከሩት። አባትየው ክፉኛ አዘነ። ሆኖም ሩትማን የተባለ ሐኪምና መምህር የልጁን ዝንባሌ አስተውሎ ነበርና ሕክምና እንዲያጠና ሐሳብ አቀረበ። በዚያን ዘመን አብዛኛው መድኃኒት የሚቀመመው ከዕፀዋት ስለ ነበረ ሕክምናና የዕፀዋት ጥናት ተለይተው አይታዩም ነበር። እነሆ፣ አንድ አስተዋይ መምህር ባይኖር ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈም ነበር።

ሊኒየስ በ1728 ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ በገባ ጊዜ ድኽነት በረታበት፤ የተቀደደ ጫማውን ውስጥ ውስጡን በወረቀት እየደፈነ ይሄድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዩኒቨርስቲው የአትክልት ስፍራ አበቦችን ሲመረምር ኦሎፍ ሴልሲየስ የተባለ ምሁር አገኘው፤ በዕውቀቱም ተደንቆ በቤቱ አስጠጋው። በ1732 የበጋ ወራት ሊኒየስ ወደ ሰሜን ምድር ወደ ላፕላንድ ተጓዘ። በእግርና በፈረስ ብዙ ርቀት አቋርጦ፣ ረግረጉንና ብርዱን ታግሦ፣ ቀድሞ ያልተመዘገቡ ዕፀዋትን ይዞ ተመለሰ። ከአበቦች ሁሉ አብልጦ ይወድ የነበረው በጫካ ውስጥ ከሽበት በላይ ከፍ የሚል፣ ሁለት ሐመር ሮዝ አበቦች ከአንድ ቀጭን ዘንግ ላይ የሚያንጠለጥል ትንሽ ተክል ነው። ይህም ተክል ለእርሱ መታሰቢያ እንዲሆን ሊኔያ ተብሎ ተሰይሟል።

በዚያን ዘመን የአንድ ተክል ስም በላቲን ቋንቋ የተጻፈ ረጅም ዐረፍተ ነገር ይመስል ነበር። ለምሳሌ ቲማቲምን ለመጥራት የግንዱንና የቅጠሉን መልክ መዘርዘር ያስፈልግ ነበር። ሊኒየስ በ1753 ባሳተመው የዕፀዋት ዝርያዎች በተሰኘው መጽሐፉ ወደ 6000 ለሚጠጉ ዕፀዋት ሁለት ሁለት ቃል ያለው ስም አወጣ፤ አንደኛው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። ይህ አሠራር ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዕውቀት በዝግ ክፍል ውስጥ ብቻ የተገኘ አይምሰላችሁ። ሊኒየስ በ1741 የኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላ በበጋ ቀናት ተማሪዎቹን አስከትሎ ወደ ሜዳና ወደ ጫካ ይወጣ ነበር። ተማሪዎቹ ቀላል ልብስ ለብሰው፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው ይከተሉታል። አንዳንዱ የታየውን እንዲጽፍ፣ አንዳንዱ ሥርዓት እንዲያስከብር ይመደባል። ምሳም በመስኩ ይበላል፤ በየመካከሉም ዕረፍት ይደረጋል። ሲመሽ ባርኔጣቸውን በአበባ አስጊጠው፣ መለከትና ከበሮ እያሰሙ ወደ ከተማ ይመለሳሉ። ጨዋታና ጥናት እንዲህ ተስማምተው ይሄዱ ነበር።

በ1758 ሊኒየስ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘውን የሐማርቢን ርስት ገዛ። በየበጋው ከባለቤቱ ከሣራ ኤልሳቤጥና ከልጆቹ ጋር በዚያ ይኖር ነበር። የክፍሎቹን ግድግዳ በአበባ ሥዕሎች ሸፈነው፤ ከጓሮውም ከሩቅ አገር የተላኩለትን ዕፀዋት ተከለ። ከሳይቤሪያ በመጣ ዘር የበቀለ ቢጫ አበባ ዛሬም በሐማርቢ አልጠፋም። ከውጭ አገር የመጡ ተማሪዎች በአካባቢው ገበሬዎች ቤት እያደሩ ይማሩ ነበር፤ በእሑድ ቀን ደግሞ ሙዚቃና ጭፈራ ነበር። በ1766 ኡፕሳላ በእሳት በተቃጠለች ጊዜ ሊኒየስ ለስብስቡ ሠጋ፤ ስለዚህም በ1769 በሐማርቢ ኮረብታ ላይ የእሳት ምድጃ የሌለው የድንጋይ ቤት ሠርቶ ስብስቡን አኖረበት።

ይሁንና የዚህ ዕውቀት ዋጋ ቀላል አልነበረም። ዕፀዋት ለመሰብሰብ ወደ ሩቅ አገር ከላካቸው ተማሪዎች አንዳንዶቹ በበሽታ ሞተው ቀርተዋል፤ ፎርስኮል የተባለው በ1763 በየመን ሞተ። ሊኒየስ ራሱም ከ1774 ጀምሮ በጽኑ ሕመም ተዳክሞ በ1778 አረፈ፤ በኡፕሳላ ካቴድራልም ተቀበረ።

ከታሪኩ ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ሊኒየስ በ1753 ቡናን ኮፌያ አራቢካ ብሎ ሰየመው፤ የዓረብ ቡና ማለት ነው። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በዓረብ አገር በኩል ስለ ነበረ ተክሉ የዚያው አገር መሰላቸው። የተክሉ የትውልድ ስፍራ ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘው ጫካ ነው። ሊኒየስ ያን ጫካ አላየም፤ ስሙም አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ጸንቶ ቀረ። እንግዲህ በደጃችሁ የሚበቅለውን ተክል እናንተ ቀርባችሁ ካልመረመራችሁትና ካልጻፋችሁት፣ ከሩቅ ያለ ሰው እንደ መሰለው ሊሰይመው እንደሚችል አስቡ። በመስክ መናፈስ ሥራ መፍታት የሚሆነው ዓይን ሳያስተውል፣ እጅም ሳይጽፍ ሲቀር ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ።
1. የሊኒየስ አባት በ1726 ያዘነው ለምንድን ነው? ኀዘኑንስ ያቃለለው ማን ነው?
2. ከ1753 በፊትና በኋላ የዕፀዋት አሰያየም እንዴት ይለያያል?
3. በሐማርቢ የተሠራው የድንጋይ ቤት የእሳት ምድጃ ያልተደረገለት ለምን ይመስላችኋል?
4. ቡና አራቢካ የተባለበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

ለ. «ፈለግ»፣ «ዝንባሌ»፣ «ርስት» የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።

ሐ. እንደ አደይ አበባ ያለ በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ የዱር ተክል ቀርባችሁ ከተመለከታችሁ በኋላ፣ መልኩን፣ የሚያብብበትን ወቅትና የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም የሚገልጽ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።