ኢያን ማክሃርግ

ኢያን ማክሃርግ (ኅዳር 11 ቀን 1913 – የካቲት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.) በስኮትላንድ ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን በአሜሪካ የሠራ የመሬት ገጽታ ንድፍ ባለሙያ፣ የከተማ ፕላን አዋቂና መምህር ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው አንድ አውራ ጎዳና ከመሠራቱ በፊት የአካባቢውን አፈር፣ ውኃ፣ ደንና የዱር እንስሳት መኖሪያ በየራሱ ካርታ ላይ አስፍሮ፣ ካርታዎቹንም ደራርቦ አነስተኛ ጉዳት የሚያደርሰውን መስመር የመፈለጊያ ዘዴ በማስፋፋቱ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት (ጂ.አይ.ኤስ.) በመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ላይ ሲውል የሚከተለው አሠራር ከዚህ ዘዴ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ወታደርነት

ማክሃርግ እ.ኤ.አ. በ1920 በመርከብ ሥራ በምትታወቀው በክላይድባንክ ከተማ፣ ከግላስጎው አጠገብ ተወለደ። ከሰፈሩ ወደ አንዱ አቅጣጫ ቢሄዱ ጢስና ጥቀርሻ የሸፈነው የፋብሪካ ከተማ፣ ወደ ሌላው ቢሄዱ ሜዳና ኮረብታ ይገኝ ነበር፤ እሱም በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ዝንባሌውን የወሰነው ይህ ልዩነት መሆኑን ተርኳል። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በአንድ የመሬት ገጽታ ንድፍ ባለሙያ ሥር ሙያ መልመድ ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ የፓራሹት ብርጌድ ውስጥ መሐንዲስ ወታደር ሆኖ በኢጣልያ ዘመተ፤ እስከ ሻለቃነትም ደረሰ።

ከጦርነቱ በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመሬት ገጽታ ንድፍና የከተማ ፕላን ተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በኤድንብራ ሆስፒታል ተኝቶ ሳይሻለው ቆይቶ፣ በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ወደሚገኝ ማገገሚያ ከተዛወረ በኋላ ዳነ። አካባቢ ለጤና ያለውን ዋጋ በራሱ አካል የቀመሰው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

በ1954 የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጠርቶት የመሬት ገጽታ ንድፍ ትምህርት ክፍልን አቋቋመ፤ ክፍሉንም እስከ 1986 መራ። ለተማሪዎቹ የንድፍ ጥበብ ብቻ በቂ አይደለም ብሎ ስለሚያምን የከርሰ ምድር፣ የውኃ፣ የአፈር፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ሊቃውንትን ወደ ክፍሉ አመጣ። ካርታ የመደራረብ ዘዴው ያደገው በእነዚህ የተለያዩ ሙያዎች መካከል ነው፤ እያንዳንዱ ሊቅ የራሱን ካርታ ይዞ ይመጣ ነበርና።

የመንገድ ጥናቶቹ

አሜሪካ በ1956 ባወጣችው ሕግ መሠረት 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአውራ ጎዳና መረብ መዘርጋት ጀመረች። መሐንዲሶች መስመር ሲመርጡ ለግንባታ፣ ለመሬት ግዢና ለካሳ የሚወጣውን ገንዘብ በአንድ ወገን፣ ለአሽከርካሪው የሚተርፈውን ጊዜና ነዳጅ በሌላ ወገን አድርገው ያመዛዝኑ ነበር። ስሌቱ በራሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ገበያ ላይ ዋጋ የሌለውን ነገር ግን አያይም። ጫካ፣ ረግረግና መናፈሻ የሚፈርስ ቤት ስለሌለባቸው በሒሳቡ ርካሽ ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ማንም ክፋት ሳያስብ መንገዱ ወደ እነሱ ያዘነብላል።

ማክሃርግ ይህን አሠራር መጀመሪያ በኒው ጀርሲ፣ በዴላዌርና በራሪታን ወንዞች መካከል ሊያልፍ በታሰበው አውራ ጎዳና 95 ጥናት ላይ ተጋፈጠ። በይበልጥ የሚጠቀሰው ግን በ1968 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በስታተን አይላንድ ደሴት ላይ ስለ ሪችመንድ ፓርክዌይ ያደረገው ጥናት ነው። በታዋቂው የመንግሥት ሥራዎች አዛዥ በሮበርት ሞዝስ ዘመን የታቀደው ይህ መንገድ፣ ዛሬ ግሪንቤልት የሚባለውን የደሴቲቱን ጫካማ ኮረብታ ሰንጥቆ እንዲያልፍ ተወስኖ ነበር።

ማክሃርግና ባልደረቦቹ ደሴቲቱን በተደጋጋሚ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ በሌላ ዓይን ሳሏት። አንዳንዶቹ ካርታዎች የመሐንዲሱን ጥያቄዎች የሚመልሱ ነበሩ፤ ተዳፋት፣ የውኃ መፋሰሻ፣ የዐለቱና የአፈሩ ጽናት፣ የአፈር መሸርሸር። ሌሎቹ የመሬት ዋጋን፣ መኖሪያ ቤቶችን፣ ተቋማትን፣ ታሪካዊ ቦታዎችን፣ መልክዓ ምድርን፣ መዝናኛን፣ ውኃን፣ ደንንና የዱር እንስሳትን ያሳዩ ነበር። ሁሉም ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ በሦስት ደረጃ ቀለም ተቀቡ፤ መንገድ ቢያልፍበት ብዙ የሚጠፋበት ቦታ ጠቆረ፣ ጥቂት የሚጠፋበት ነጣ። ወረቀቶቹ ተነባብረው ሲታዩ በጠቆሩት ቦታዎች መካከል የነጣ መተላለፊያ ብቅ አለ። ለኅብረተሰቡ አነስተኛ ኪሳራ ያለው መስመር ያ ነበር፤ የሚያልፈውም ከጫካማው ኮረብታ ውጭ ነው።

በዚህ ዘዴ የወፍ ጎጆ በገንዘብ አልተተመነም። ሆኖም ከቤት ዋጋና ከዐለት ጽናት ጋር በአንድ ገበታ ላይ ተቀመጠ፤ ያውም መስመሩ ከተሠመረ በኋላ ለተቃውሞ ሳይሆን ገና ከመሠመሩ በፊት።

መንገዱ በኮረብታው ላይ አልተሠራም። ይህ የጥናቱ ውጤት ብቻ አይደለም፤ የደሴቲቱ ነዋሪዎች ለዓመታት ተሟግተዋል። በደቡብ በኩል የተሠራው ክፍል በ1972 ተከፈተ። ለአውራ ጎዳና ሲቆፈር የወጣ ዐለትና አፈር ተከምሮ የሆነው ጉብታ ዛሬም በጫካው መካከል ይገኛል፤ በሞዝስ ስም ይጠራል፤ የእግር ተጓዦችም ዛፉን ከላይ ሆነው ለማየት ይወጡበታል። የኒው ጀርሲው መንገድም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተሰርዟል።

መጽሐፉና ትችቱ

እነዚህን ጥናቶች የያዘው መጽሐፉ፣ ዲዛይን ዊዝ ኔቸር፣ በ1969 ታተመ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 1970፣ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሥራቸውን የአካባቢ ተጽእኖ አስቀድመው እንዲያጠኑ የሚያስገድደው ሕግ ስለጸና መጽሐፉ በሚፈለግበት ሰዓት ደረሰ።

ካርታ መደራረብን የፈጠረው ግን ማክሃርግ አይደለም። ዋረን ማኒንግ የተባለ አሜሪካዊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተጠቅሞበት ነበር። ዘዴው ጉድለትም አለበት። ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብ ሁለት መካከለኛ ጥላዎች አንድ ጥቁር ሊመስሉ ይችላሉ፤ ከጠፋ የማይመለስ ረግረግ በአንድ ካርታ ላይ ብቻ ጠቁሮ በሌሎቹ ንጣት ሊዋጥ ይችላል። ለእያንዳንዱ ካርታ ምን ያህል ክብደት ይሰጠው የሚለው ጥያቄ የሰው ፍርድ ሆኖ ሳለ ማክሃርግ ውጤቱን ተፈጥሮ ራሷ የሰጠችው መልስ አድርጎ ማቅረብ ይወድ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ እንስሳት ይንቀሳቀሳሉ። በጫካ እየኖረ በኩሬ የሚራባ እንቁራሪት ጫካውና ኩሬው ቢጠቁሩለትም፣ በመካከላቸው ያለው ሜዳ ነጥቶ መንገድ ከተሠራበት አይተርፍም። ይህን ክፍተት የሞሉት ሪቻርድ ፎርማንን የመሰሉ፣ በመኖሪያዎች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያጠኑ የኋላ ሊቃውንት ናቸው። በ2005 የወጣው የአሜሪካ የትራንስፖርት ሕግም ክልሎች የረጅም ጊዜ የመንገድ ዕቅዳቸውን ካሉት የጥበቃ ካርታዎች ጋር እንዲያነጻጽሩ አዝዟል።

የመጨረሻ ዓመታት

ማክሃርግ በ1970ዎቹ በቴክሳስ፣ ከሂውስተን በስተሰሜን ለተቆረቆረችው ለዉድላንድስ ከተማ የዝናብ ውኃ በተፈጥሯዊ መንገዱ የሚፈስበትን ዕቅድ አወጣ። በቴህራን የነደፈው ሰፊ መናፈሻ ግን የ1979ኙ አብዮት ስለደረሰበት እንደታሰበው አልተፈጸመም። ኮምፒዩተር እየተስፋፋ ሲሄድ ለመላው አሜሪካ አንድ የተፈጥሮ መረጃ ማከማቻ እንዲዘጋጅ ወተወተ። የሕይወት ታሪኩን በ1996 አሳተመ፤ በ2000 የጃፓን ሽልማትን ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት በፔንስልቬኒያ በሳንባ ሕመም በ80 ዓመቱ ዐረፈ።