ለፌስቲቫል ወጥቶ በስደት የቀረው ባንድ

ዛሬ የምናስታውሰው ደቡብ አፍሪካዊውን ፒያኒስት ክሪስ ማክግሪገርን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪስ በ1936 ተወለደ። አባቱ ትራንስካይ በሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለነበሩ፣ ነጩ ልጅ የኮሳ ሕዝብ ዜማ እየሰማ አደገ። ኬፕታውን ሙዚቃ ሊማር ሲገባ ቀን ቀን ክላሲካል ይማራል፣ ማታ ማታ ግን ከጥቁር የጃዝ ተጫዋቾች ጋር ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብሉ ኖትስ የተባለው ባንድ ተመሠረተ። ክሪስ ፒያኖ፣ ዱዱ ፑክዋናና ኒኬሌ ሞያኬ ሳክስፎን፣ ሞንጌዚ ፌዛ ትራምፔት፣ ጆኒ ዲያኒ ቤዝ፣ ሉዊስ ሞሆሎ ድራም። አንድ ነጭ፣ አምስት ጥቁር!

ችግሩም እዚህ ጋ ነው። በአፓርታይድ ሥርዓት ነጭና ጥቁር በአንድ መድረክ ቆሞ መጫወት፣ በአንድ ሆቴል ማደር ክልክል ነው። ያለ ፖሊስ ፍርሃት አብሮ መሥራት አልተቻለም።

በ1964 ፈረንሳይ አንቲብ ከተማ ለሚካሄድ የጃዝ ፌስቲቫል ተጋበዙ። ስድስቱም ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ከስዊዘርላንድ ቆይታ በኋላ በ1965 ለንደን ገቡ።

ስደት ግን ቀላል አልሆነም። ሥራ እንደልብ አይገኝም። ሞያኬ ወደ ሀገሩ ተመልሶ እዚያው አረፈ። ክሪስ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ስደተኞቹን ከወጣት እንግሊዛውያን ጋር ቀላቅሎ ብራዘርሁድ ኦፍ ብሬዝ የተባለ ትልቅ ባንድ አቋቋመ። አውሮፓን እየዞሩ ተጫወቱ። እሱም በኋላ ኑሮውን ፈረንሳይ አደረገ።

ታኅሣሥ 1975 ሞንጌዚ ለንደን ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ። ገና 30 ዓመቱ ነበር። የቀሩት አራቱ ከመታሰቢያ ሥነ ሥርዓቱ በቀጥታ ስቱዲዮ ገቡ፤ ምን እንጫወት ብለው ሳይመክሩ ሐዘናቸውን ቀረጹ። በ1986 ደግሞ ዲያኒ በርሊን ላይ አረፈ።

የካቲት 1990 ማንዴላ ከእስር ተፈቱ። ያ ሁሉ ዓመት የተጠበቀው ቀን መጣ ማለት ነው። ክሪስ ግን በዚያው ዓመት ግንቦት በ53 ዓመቱ ፈረንሳይ ውስጥ አረፈ። ወር ገደማ ቆይቶ ዱዱም ተከተለው።

ከስድስቱ ነፃዋን ሀገር ለማየት የበቃው ከበሮ መቺው ሞሆሎ ብቻ ነው። በ2005 ጠቅልሎ ገባ።

ጊዜ ካላችሁ ለሞንጌዚ የቀረጹትን አልበም ፈልጋችሁ ስሙት። ኢርፎን አድርጋችሁ፣ ማታ ላይ ቢሆን ደስ ይለናል።